የካዝናው ደጃፍ መስቀያ

ግንበኛው የምድር ቤቱን ግድግዳ ሲንድ ከጀርባው የብረት በር ብቅ አለ። በሩን ቆርጠው ከፈቱት። ውስጥ አንድ ሰው ጥጉን ተደግፎ ተቀምጧል። አጥንት ብቻ ነው። ክራባቱ እንደታሰረ ነው፤ ኮት ግን አልለበሰም።

የበሩ ቀለም በውስጥ በኩል፣ በእጅ ቁመት ልክ፣ ተፍቆ አልቋል።

መርማሪዋ የሟቹን ማንነት ለማወቅ አልተቸገረችም። ከሠላሳ ዓመት በፊት የዚህ አሮጌ ባንክ ካዝና ያዥ የአደራ ወርቅ ይዞ ጠፋ ተብሎ ነበር። ልጁ "የሌባ ልጅ" እየተባለች አደገች። አሁን የአባቷን አሮጌ ኮት ታቅፋ መጥታለች።

"አባቴ አይሰርቅም ስል ሰሚ አጣሁ" አለች።

መጀመሪያ የተጠረጠረው የያኔው ዘበኛ ነበር። ግን ካዝና ያዡ በጠፋበት ሳምንት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር።

የቀሩት የባንኩ ጡረተኛ ሥራ አስኪያጅ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሕንፃውን ታሪክ ለጎብኚ ይተርካሉ። ለመርማሪዋም ምድር ቤቱ ውስጥ ሳትጠይቃቸው ጀመሩላት።

"ይሄ ምድር ቤት ድሮ ያንኳኳ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ። ሠራተኛው ጋኔን ነው ብሎ ወደዚህ መውረድ ተወ።"

ልጅቷ ኮቱን አጥብቃ ያዘች።

"ይሄ መስቀያስ?" አለች መርማሪዋ ከብረት በሩ ጎን ያለውን እያሳየች።

"የቤቱ ደንብ ነው፣ ልጄ። ካዝና የሚገባ ሰው ኮቱን እዚህ ይሰቅላል። ኮት ካለ ሰው አለ፤ በሩ አይዘጋም።"

"የካዝና ያዡን ኮት ለሚስቱ ያደረሱት እርስዎ ነዎት?"

"አዎ። ምስኪን፣ እያለቀሰች ተቀበለችኝ።"

"ከየት አንስተው?"

"ከዚሁ፣ ከመስቀያው።"

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሽማግሌው የተናገሩት የገባቸው ዘግይቶ ነው። ከዘራቸውን ይዘው ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

ወርቁን ጥቂት በጥቂት ያወጡት እሳቸው ነበሩ። ካዝና ያዡ ነቃባቸው። ሊያጣራ ሲገባ ኮቱን አንስተው በሩን ዘጉበት። ድምፁ ሲጠፋ "ውሃ ይሰርጋል" ብለው ግድግዳ አስገነቡ።

"ታዲያ ማንኳኳቱን ለምን ለሰው ያወራሉ?" አለች መርማሪዋ።

"ቅዳሜ ሳላወራው ከዋልኩ ቤቴ መጥቶ ያንኳኳል" አሉ ቀስ ብለው።

ፖሊሶች ይዘዋቸው ወጡ። አስከሬን የሚያነሱት ሰዎች ገና መንገድ ላይ ናቸው። የሕንፃው የአሁኑ ዘበኛ ምድር ቤቱን ለመቆለፍ ቁልፍ ይዞ ወረደ።

ልጅቷ የኮቱን አቧራ አራግፋ መስቀያው ላይ ሰቀለችው።

"አትዝጋው" አለችው። "ሰው አለ።"