ሦስተኛው ስልክ

«ሦስተኛው ማነው?»

ስልክ ጠጋኙ ስለሺ እንዲህ ብሎ ሲጠይቀኝ ጎረቤት መስሎኝ ነበር...

ይህ የደረሰው በራሴ ቤት ነው። አንድም ነገር አልጨመርኩበትም። የሱዳኑ ጦርነት ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ካርቱም፣ ካላክላ ሰፈር፣ ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ፀሐይዋ ገና አልበረደችም።

ልጄ ኦሊያድ ሃያ ዓመቱ ነበር። ወደ ሊቢያ የሚያሻግር አንድ ደላላ በኢንተርኔት እየደወለ ልቡን አሸፍቶብኛል። ጓደኛው ባዬ በዚያው መንገድ ሄዶ በረሃ ላይ ቀርቷል። አብረውት የሄዱት ልጆች ተመልሰው «ከነስልኩ ቀበርነው» ብለውናል።

የኦሊያድን ሲም ካርድ ደበቅኩበት። በቤቱ ዋይፋይ ማውራቱን ግን አልተወም።

ስለዚህ ሱግ፣ ገበያው ውስጥ፣ ስልክ የሚጠግነውን ስለሺን ለመንኩት። የደላላውን ጥሪ ዋይፋዩን ከሚያሰራጨው ራውተር ላይ እንዲዘጋልኝ።

«ፋብሪካው የጫነበት ፕሮግራም ይህን አይችልም፣ እትዬ ካሳነሽ» አለኝ። «እሱን አጥፍቼ ሌላ እጭንበታለሁ። ብቻ መሀል ላይ ካህረባ እንዳይሄድ ይጸልዩ።»

«መብራቱ ከሄደስ?»

«ራውተሩ ጡብ ይሆናል። አጥር ያሠሩበታል።»

ሳቅኩ። የዚያን ቀን የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው።

መብራቱ አልጠፋም። አዲሱ ፕሮግራም ገባ። ስለሺ አዲስ የይለፍ ቃል ፈጠረና በእኔና በኦሊያድ ስልክ ላይ በገዛ እጁ አስገባው። ከዚያ ላፕቶፑ ላይ አፈጠጠ...

«ይኸ የእርስዎ። ይኸ የኦሊያድ። ሦስተኛው ማነው?»

«ጎረቤት ይሆናላ።»

«የይለፍ ቃሉን የፈጠርኩት አሁን ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ ሩቅ አይደለም። እዚሁ ክፍል ውስጥ ነው።»

ክፍሉ ውስጥ ያለው አልጋ፣ የልብስ ሳጥንና ማራገቢያ ነው።

ያን ስልክ ከዋይፋዩ አስወጣው። ተመልሶ ገባ።

እንደገና አስወጣው...

ገባ።

«ስም የለውም?» አልኩት። ስክሪኑ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ እኔ ገና የአማርኛውን እየተማርኩ ነበር።

ስለሺ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ።

«ባዬ ይላል።»

ቀና ስል ኦሊያድ በሩ ላይ ቆሟል። አልደነገጠም። ጫማውን አድርጓል።

ወዲያው ካህረባው ሄደ። ማራገቢያው ቆመ። የራውተሩ መብራቶች ጠፉ።

የኦሊያድ ስልክ ግን እጁ ላይ ጠራ... ሲም የሌለው ስልክ።

«እሺ...» አለ በሹክሹክታ። «ወጣሁ።»

እጁን ያዝኩት። «ማነው?»

«ባዬ ነዋ፣ እማ። ውጭ እየጠበቀኝ ነው።»

«ባዬ እኮ ሞቷል፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ።»

ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቃቸው። አልተቆጣም። ልከተለው ብል አንዳች ነገር ከቦታዬ አላንቀሳቅስ አለኝ። ስለሺም እንደኔው ደርቋል።

የውጭው በር ተዘጋ።

ጥቂት ቆይቶ መብራት መጣ። የራውተሩ መብራቶች አንድ በአንድ በሩ። ስለሺ ላፕቶፑን አየ።

«እትዬ...»

«ምን?»

«የኦሊያድ የለም። ባዬ ግን አሁንም እዚሁ ክፍል ውስጥ አለ።»

አልጋውን አየሁት። የፍራሹ ጠርዝ ቀስ እያለ ሰመጠ... ሰው ሲቀመጥበት እንደሚሰምጠው።

ኦሊያድ ሄደ። ባዬ ቀረ።