የምስጋና የመጨረሻ ምርጫ

ምስጋና የተገኘው ደብረ ታቦር ውስጥ በሚሠራበት የሶፍትዌር ቢሮ፣ የኮምፒውተሮቹ ክፍል ወለል ላይ ተዘርሮ ነበር። ቁስል የለበትም፤ ጉንጩ በሕይወት እንዳለ ሰው ቀልቷል። ኢንስፔክተር ዝናሽ ጎንበስ ብላ ስታየው መርዶው ገና ያልደረሳቸው፣ አንበሳሜ ከተማ ያሉት ወላጆቹ ትዝ አሏትና ልቧ ከበዳት።

ቀና ብላ ክፍሉን ቃኘች። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከበሩ ጀርባ ግድግዳው ከግርጌው ጥላሸት ለብሷል፤ ወለሉ ላይ የጎማ ጭቃ ደርቋል። የቢሮው ባለ ጎማ ጄኔሬተር ግን ውጭ ቆሟል።

«ውስጥ እንዳታስገቡት ብዬ ነበር» አሉ የቤቱ ባለቤት አቶ ሙላቴ።

ዝናሽ የምስጋናን የሥራ ባልደረባ ማስተዋልን ጠየቀቻት።

«ትናንት ተጣልታችኋል አሉ።»

«አዎ። የምንሠራላቸውን የጤና ጣቢያዎች የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ኮንቴይነር በሚባል ማሸጊያ ለየብቻ ለይቶ የሚያስተዳድር ሥርዓት ስንመርጥ ነው። እሱ ኩበርኔቲስ ይሁን አለ። እኔ ለሁለት ሰው ይከብዳል፣ ቀላሉ ስዋርም ይበቃናል አልኩ። እንቢ አለኝ። ደኅና ዋል እንኳ ሳልለው ወጣሁ።»

እሷ እንደ ወጣች ዶፍ ወረደ፤ መብራቱም ኔትወርኩም እስኪነጋ ጠፋ።

የቢሮው ኃላፊ ፋሲል ትናንት ባሕር ዳር ውሎ እንዳደረ፣ ማለዳ ሲመለስ አስከሬኑን እንዳገኘ ተናገረ።

«ማስተዋል ተናዳ ጎድታው ይሆን?» አለችው ዝናሽ።

«እሷን እንኳ ይተዉአት። ምስጋና ሐሳቧን ተቀብሎ ወደ ስዋርም ማዛወር ጀምሮ ነበር። ምን ያጣላቸዋል?»

ዝናሽ ቃሉን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ከሰዓት በኋላ ሦስቱን ሰበሰበቻቸው።

«የገደለው የጄኔሬተሩ ጭስ ነው፤ የጉንጩ መቅላት የዚያ ምልክት ነው። ጥላሸቱ ውስጥ መሥራቱን፣ ጭቃው ዝናቡ ከጀመረ በኋላ መግባቱን ይናገራል። የሞተ ሰው ግን ጄኔሬተር አያወጣም፤ መስኮትም አይከፍትም። ማስተዋል እስካሁን እንቢ እንዳላት ነው የምታውቀው። ምስጋና ሐሳቡን የለወጠው እሷ ከወጣች በኋላ ነው። ስልክ አይሠራም ነበር፤ ኮምፒውተሮቹም የበሩት እርስዎ ቃል ከሰጡ በኋላ ነው። አቶ ፋሲል፣ ከማን ሰሙ?»

«ከራሱ» አለ ፋሲል። «አመሻሹ ላይ መጥቼ ነበር። ‹ማስተዋል ልክ ናት፤ እኔ ብታመም ኩበርኔቲስን ማን ያስነሣዋል?› አለኝ። የማዛወሩ ሥራ ሌሊቱን እንዳይቋረጥበት ጄኔሬተሩን ከዝናቡ ለማስጠለል አብረን አስገባን። ስወጣ መስኮቱን የዘጋሁት እኔ ነኝ። እንዳይበርደው ብዬ ነው። ጠዋት ሳየው ፈራሁና መስኮቱን ከፍቼ ጄኔሬተሩን አወጣሁት።»

ማስተዋል እስከዚያ ድረስ አላለቀሰችም ነበር።

«ልክ ናት አለ?»

«አዎ።»

ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ምነው እንቢ እንዳለኝ በቀረ።»