የሐልዋ የብረት ወፍ

በዚያ ዓመት ዝናብ ጠሪዎቹ ወፎች በደርማሳ መንግሥት ሰማይ ላይ ብቅ አሉ። የሐልዋን ሐይቅ ዞረው ዞረው፣ ቁልቁል አይተው፣ ሳያርፉ ተመለሱ። እነሱ ካላረፉ ዝናብ የለም፤ ዝናብ ከሌለ ደግሞ ሕዝቡ አገሩን ጥሎ መሰደዱ ነው። ጠቢባኑ «ሐይቁን የመረዘው በሥሩ የሚኖረው አውሬ ጉምዛር ነውና ይገደል!» ብለው ፈረዱ። ከእነሱ መካከል ጉምዛርን በዓይኑ ያየ ግን አንድም አልነበረም።

የብረት ቀጥቃጩ ልጅ ታልሚራ ነገሩ ካልገባት እንቅልፍ የማይወስዳት ሰው ናት። በዙፋኑ ፊት ቆመች።

«ንጉሥ ሆይ፣ ወፎቹ ቁልቁል ሲያዩ ወገናቸውን አጥተው ይሆናል የሸሹት። እኔ አንድ የብረት ወፍ ልሥራላቸው። ውኃው እንዲህ በዝገት የቀላው ከሥሩ ብረት ቢኖር ነው። ያንን ብረት ሳልይዝ ላልመለስ በሰማይና በምድር እምላለሁ!»

ንጉሥ ዘልአድ ሳቀ፤ ቢሆንም ጦረኛውን ሐርጎስን አብሯት ላከ።

ሁለቱ ጭቃው እስከ ጉልበት እየዋጣቸው፣ ዓይን በሚያቃጥል ጭጋግ ውስጥ ወደ ሐይቁ እምብርት ዘለቁ። እዚያም ጉምዛር ውኃውን ሰንጥቆ ተነሣ። ገላው በሙሉ የብረት ቅርፊት ነበር። ሐርጎስ ጦሩን ሰበቀ።

«ቆይ ጋሼ ሐርጎስ! መጀመሪያ ልጠይቀው።»

«አንቺ ልጅ፣ ጥርሱ ሥር ቆመሽም ትጠይቂያለሽ?»

ጠየቀች። «ውኃውን ለምን መረዝከው?»

«እኔ?» አለ አውሬው። «ድል ባደረጋችሁ ቁጥር ለምስጋና እያላችሁ ሰይፍና ጋሻችሁን እዚህ ትወረውራላችሁ። ሐይቁ እንዳይሞት ያንን የምበላው እኔ ነኝ። አሁን ግን አርጅቻለሁ፤ አልቻልኩም።»

ታልሚራ በሕዝቧ አፈረች። የመጣችበትን ስትነግረው ጉምዛር ብዙ አሰበ።

«ከሥር ያለው ብረት በስብሷል፤ እንደ ምንም ብዬ በልቼ እጨርሰዋለሁ። የእኔ ቅርፊት ግን አይዝግም። ለወፍሽ ውሰጂው።»

«አንተስ?»

«ያለ ቅርፊት አልኖርም። ወፎቹን ግን እኔም ናፍቄያቸዋለሁ።»

የመጨረሻውን ዝገት ከዋጠ በኋላ ታልሚራ እያለቀሰች ቅርፊቱን ነቀለች። ሊገድለው የመጣው ሐርጎስ፣ የአውሬው እስትንፋስ እስኪያበቃ ራሱን ደግፎ ያዘለት።

ቅርፊቱን ላባ፣ ላባውን ክንፍ አድርጋ ወፉን በሐይቁ ዳር አቆመችው። ዝናብ ጠሪዎቹ መጡ። ዞሩ፤ ቁልቁል አዩ። አንዷ ወርዳ ከብረቱ ወፍ አጠገብ አረፈች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ዝናቡ ወረደ፤ ሕዝቡም በእልልታ ወጣ።

ንጉሥ ዘልአድ በደስታ ሰክሮ የወርቅ እጀታ ያለውን ሰይፉን መዘዘና ለምስጋና ወደ ሐይቁ ሊወረውር እጁን አነሣ። ታልሚራ ሮጣ ክንዱን ያዘችው።

«ይተዉ፣ ንጉሥ ሆይ! ከእንግዲህ የሚበላልን የለም።»

ንጉሡ ሰይፉን እንደያዘ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ቀረ።