የማይለወጠው ቀይ

«መርከበኛው» ሰባት ደቂቃ ዘገየ።

ኢዳይራ ከቁልቋል በለስ እርሻ ጥግ፣ ከጥቁሩ የድንጋይ ካብ ሥር ሆና ጠበቀችው። ኢዳይራ የሽፋን ስሟ ነው። ስምንት ወር ሙሉ በስፔኗ ላንዛሮቴ ደሴት፣ ከአሮጊቷ ገበሬ ከዶኛ ኦብዱሊያ ጋር፣ ከበለስ ላይ ነጭ ተባይ በማንኪያ ስትፍቅ ኖራለች። ተባዩ ደርቆ ሲፈጭ ቀይ ይወጣዋል። ቀዩም ለልጆች የሳል ሽሮፕ ማቅለሚያ ይሸጣል።

አሁን ግን ርካሽ የፋብሪካ ቀለም የሚቀላቅልበት ሰው አለ፤ እሷም የተላከችው እሱን በስውር እንድታጋልጥ ነው። የፋብሪካ ቀለም የማይስማማው አንድ ሕፃን፣ እናቱ «ተፈጥሯዊ» የሚለውን ጽሑፍ አምና ሽሮፑን አጠጥታው፣ ጉሮሮው አብጦ ለጥቂት ተርፏል።

«ዝናብ ይመጣል?» አለ ድምፅ ከኋላዋ።

«እዚህ አገር? ስለት ከሰመረ።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነው። አለቃዋ፣ መርከበኛው።

«ናሙናው?»

ከባርኔጣዋ ገበር ትንሽ ጥቅልል አውጥታ ሰጠችው። «ከመንደሩ መጋዘን፣ ከአንድ ከረጢት የወሰድኩት ነው። የሚቀላቅለው ባለመጋዘኑ ነው።»

«ከረጢቱ ላይ የማን ምልክት አለ?»

«የዶኛ ኦብዱሊያ። እሳቸው ግን ምንም አያውቁም።»

«እንግዲያው አሮጊቷ ናት የቀላቀለችው።» ሳቀ። «ባለመጋዘኑ ደግ ሰው ነው፣ እህቴ። ለእኔማ በጣም ደግ ነው።»

ሽጉጡን ያየችው ያኔ ነው።

ጥቅልሉን ቀዶ ለነፋስ በተነው። ነፋሱ ፊቱ ላይ መለሰበት። አስነጠሰው። ደግሞ አስነጠሰው።

በርበሬ ነበር።

ባለፈው እሁድ ከመርከበኛው ጋር ዓሣ ሲበሉ፣ ሎሚ ሲጨምቅ አይታው ነበር። ጣቶቹ ቀልተው ነበር። የተባይ ቀይ ሎሚ ሲነካው ብርቱካናማ ይሆናል። የጣቶቹ ቀይ ግን ንቅንቅ አላለም። የፋብሪካ ነው፤ እሱም እጁን አስገብቶበታል ማለት ነው። እውነተኛው ናሙና በማግስቱ፣ በበሶ ከረጢት ውስጥ ተደብቆ፣ በመርከብ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄደ።

ካቡን ዘለለች። በጭፍን ተኮሰ። ሳታት።

ዐርብ ረፋድ ላይ መርከበኛውም ባለመጋዘኑም ተያዙ። መጋዘኑ ታሸገ። የመንደሩ ከረጢት ሁሉ፣ ንጹሑም ጭምር፣ እንዲቃጠል ታዘዘ።

ኢዳይራ ፀጉሯን ተቆርጣ፣ ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ ከመንገዱ ማዶ አውቶቡስ ትጠብቃለች። ትእዛዙ አጭር ነው፦ ማንንም አታናግሪ።

ዶኛ ኦብዱሊያ በታሸገው በር ፊት የቀላ መዳፋቸውን ዘርግተዋል። «የኔ ንጹሕ ነው፣ ልጆቼ! ሎሚ አምጡና እዩት! ኢዳይራስ የት ሄደች? እሷ ትመስክርልኝ!»

«በዚህ ስም የተመዘገበ ሰው የለም፣ እናቴ» አለ ፖሊሱ። «ይልቅ ቤት ይግቡ፣ ፀሐይ ነው።»

ኢዳይራ ኪሷ ውስጥ ሎሚ ነበራት። ጭምቅ አድርጋ ስትይዘው ልጣጩ ተሰንጥቆ ጭማቂው መዳፏን አራሰው። እግዚአብሔር ሆይ፣ አለች በልቧ።

አውቶቡሱ መጣ። ገብታ ከኋላ ተቀመጠች።

መዳፏን ገለጠችው። በቆዳዋ ስንጥቅ ውስጥ የቀረው የዶኛ ኦብዱሊያ ቀይ ብርቱካናማ ሆኗል።

ከእሷ በቀር ያየ አልነበረም።