ቡናማዋ እንቁላል

ዳኛው የጥቁሩን አውራ ዶሮ ጅራት በሜትር ሲለኩ፣ ካያል በልቧ «እባክህ ትንሽ ይጠር» እያለች ትለምን ነበር።

አላጠረም። ዳኛው ሜትሩን ጠቅልለው ለጓደኛቸው በጆሮው የሆነ ነገር ነገሩትና ወደ ምንቃሩ ዞሩ። ምንቃሩ እንደ በቀቀን ወደ ታች ቆልመም ብሏል። ዓይኑ ነጭ፣ አንገቱ ረጅም ነው። አያቷ ቬሉሳሚ ነጭ ሽርጣቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ የዶሮውን ገመድ በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። በደቡብ ሕንዷ የዲንዲጉል ከተማ ሜዳ ላይ ለዶሮ ቁንጅና ውድድር ከየመንደሩ የመጣው ሰው ሁሉ እሳቸው ጋ መሰብሰብ ጀምሯል።

«ምን ሆነሻል?» አለቻት የክፍል ጓደኛዋ ራፊያ። «ፊትሽ ልክ ውጤት የሚነገረው ሰው መስሏል።»

«ምንም።»

«ታሸንፋላችሁ አቦ። ጎናችሁ ያለውን አላየሽውም? ጅራቱ የቤታችንን መጥረጊያ ነው የሚመስለው።»

የጎናቸው ዶሮ ባለቤት ሰምቶ ኖሮ ዞር አለና፣ መጥረጊያ ከፈለገች እሷንም ጠርጎ የሚያስወጣት እንዳለው ነገራት። ራፊያ በሳቅ አፏን በሻርፗ ሸፈነች። ካያል አልሳቀችም። የእሷ ሐሳብ ያለው ከሜዳው ውጭ በቆመው የአክስቷ ባል የፓንዲ ባጃጅ ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር ሥር በተቀመጠው ቅርጫት ላይ ነበር። ቅርጫቱ ውስጥ ቀዩ ዶሮ አለ።

ቀዩ ለውድድር አልመጣም። ምንቃሩ ቀጥ ያለ፣ ጅራቱ አጭር፣ አንድ ጣቱም ጠማማ ነው። አያቷ ባለፈው ወር በመንደሩ መግቢያ ካለው የተምር ሂንዲ ዛፍ ሥር ቆመው ለመንደሩ ጠባቂ አምላክ ለሙኒያንዲ ተስለዋል፤ ጥቁሩ አንደኛ ከወጣ፣ ሲመለሱ ቀዩን እዚያው ሊያርዱለት። ከተሸነፈ ግን ቀዩ ወደ ቤት ይመለሳል። ፓንዲ ቢላዋውን ስሎ መጥቷል፤ ሚስቱም ጠዋት ቅመሙን ፈጭታ ጨርሳለች። የካያል እናት ብቻ አልተደሰተችም። ያን ያህል ዶሮ አንድ ሜዳ ላይ ከተሰበሰበ በሽታ ይዘው መምጣታቸው አይቀርም ብላ ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ አድራለች። አሁንም ሦስት ጊዜ ደውላለች።

የእናቷ ፍርሃት ከመሬት የተነሣ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ ሳምንት ውስጥ በሽታ ግቢውን ባዶ አድርጎታል። አያቷ ከአባታቸው የወረሱት የዶሮ ዘር ትልቋ እናት፣ ፖኒ፣ የሞተችው ያኔ ነው። ከመሞቷ በፊት የጣለቻቸው ጥቂት እንቁላሎች ግን ጎረቤት ቤት በአንዲት ተራ ዶሮ ታቅፈው ነበር።

እንቁላሎቹን የመሰብሰብ ሥራ የካያል ነበር። ፓንዲ ከፖላቺ ገበያ ያመጣት ዘሯ የማይታወቅ ጥቁር ዶሮና ፖኒ አንድ ቅርጫት ውስጥ ነበር የሚጥሉት። የፖኒ ነጣ ያለ፣ የገበያዋ ቡናማ ነው። ካያል የፖኒን እየለየች በእርሳስ ምልክት ታደርግበታለች። የሚታቀፈው ምልክት ያለበት ብቻ ነው፤ ሌላው ይበላል።

የሒሳብ ፈተና በነበረባት ቀን የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ጥሩምባውን ሲነፋ፣ የዕለቱን ሁለት እንቁላሎች በአንድ እጇ ይዛ ሮጠች። ነጯ ደጃፉ ላይ ወደቀች። ውሻው ልሶ ጨረሳት። አያቷ እያንዳንዷን እንቁላል ስለሚቆጥሩ ካያል ቡናማዋ ላይ ምልክቱን አድርጋ ሰጠቻቸው። ማታ አያቷ ወደ ብርሃን ይዘው ሲያገላብጧት ቀለሟ ለምን ጠቆረ ብለው ጠየቁ።

«ገለባው አቆሽሿት ነው» አለች።

አንዲት እንቁላል ምን ታመጣለች ብላ ነበር። ላትፈለፈልም ትችላለች። ከዚያ ፖኒ ሞተች። ከታቀፉት ውስጥ የተፈለፈሉት ሁለት ብቻ ሆኑ፤ ከሌላ የፖኒ ነጭ እንቁላል ቀዩ፣ ከቡናማዋ ጥቁሩ። ካያል አጠገባቸው ተቀምጣ ቅርፊቱን ሲሰብሩ አይታለች። አያቷ ጥቁሩን ጫጩት በመዳፋቸው ይዘው፣ እሳቸው ልጅ እያሉ አባታቸው የነበራቸው ጥቁር አውራ ዶሮ እንደተመለሰ ተናገሩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እንዲህ ካሉ በኋላ እንዴት ይነገራቸዋል?

አሁን ከፖኒ የቀሩት፣ ያኔ ሌላ ቤት ስለነበረች የተረፈችው ታላቋ ልጇ ቫሊና ቀዩ ብቻ ናቸው። አያቷ ግን ከውድድሩ በኋላ ቫሊን ከጥቁሩ ጋር ሊያገናኙ ነው። ቀዩ ዛሬ ከታረደ የዚያ ዘር ወንድ የሚባል አይኖርም። ይህን የምታውቀው ካያል ብቻ ናት።

ዳኛው ጥቁሩን ከአያቷ ተቀብለው ወደ ላይ አነሡት። ድምፅ ማጉያው «ቬሉሳሚ» አለ። ራፊያ ጮኻ አቀፈቻት። ፓንዲ ከሰው መሃል እየተጋፋ መጥቶ ለአማቱ አንገታቸው ላይ የአበባ ጉንጉን አጠለቀላቸው። አያቷ የጥቁሩን ደረት ደጋግመው ዳበሱት፤ ከዚያ ካያልን ፈልገው ራሷ ላይ እጃቸውን አሳረፉ።

«አንቺ ነሽ ያሳደግሽው» አሉ። «የአባቴን ስም አስጠራሽልኝ።»

ካያል ወደ መሬት አየች።

ሲመለሱ ዋንጫው የተቀመጠው የአያቷ ጭን ላይ ነበር። ጥቁሩ አጠገባቸው፣ ቀዩ ከካያል እግር ሥር። ፓንዲ እየነዳ ይቀልዳል።

«አባቴ፣ ዛሬ ማታ ሥጋው ለስንት ሰው ይበቃል? ያ ቀይ እንደሆነ እሱን ከሚያኝኩ ጎማዬን ቢያኝኩ ይሻላል።»

«ሙኒያንዲ አያማርጥም» አሉ አያቷ ፈገግ ብለው። «ያልኩትን እሰጠዋለሁ። በአባቴ ዘመን ስለት ያስቀረ ሰው ምን እንደደረሰበት ዓይቻለሁ።»

ካያል ይህን ስትሰማ ወደ ቅርጫቱ አየች። ብትናገር አያቷ ከስለታቸውና ከአባታቸው ዘር መሃል ሊቆሙ ነው። ዋንጫውም ትርጉም ያጣል። ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ፊት እያየች ስትዋሽ መኖሯም ይታወቃል። ዝም ብትል ደግሞ የዛሬ ዓመት ከጥቁሩና ከቫሊ የሚወጡትን ጫጩቶች እያዩ፣ የአባታቸው ዘር በእጃቸው ያለ ይመስላቸዋል። ማንም ምንም አያውቅም። እሷ ብቻ በየቀኑ እያበላቻቸው ታውቃለች።

ቅርጫቱ ውስጥ ቀዩ ተንቀሳቀሰ። በሽቦው ቀዳዳ ያ ጠማማ ጣቱ ወጥቶ የጫማዋን ማሰሪያ ጫረ። ፖኒም ልክ እንዲህ ትጭራት ነበር።

መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ የተምር ሂንዲው ዛፍ ከሩቅ ታየ። ከሥሩ ሁለት ሴቶች እሳት እያያያዙ ነው። አንደኛዋ እናቷ ናት።

«አጎቴ፣ እዚህ ጋ አቁምልኝ» አለች ካያል።

«ደረስን እኮ፤ አንድ ደቂቃ ያቅትሻል?»

«አቁምልኝ።»

ፓንዲ በመስታወት አያትና ፍሬኑን ያዘ፤ ሞተሩንም አጠፋው። ካያል ጎንበስ ብላ ቅርጫቱን ከወንበሩ ሥር ሳበችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። አያቷ ከዋንጫው ቀና አሉ።

«ምነው ልጄ? አሞሻል?»

ካያል ከየት መጀመር እንዳለባት ታውቅ ነበር።

«አባባ፣ ጥቁሩ የወጣባትን ቡናማ እንቁላል ያስታውሷታል?» አለች። «ከእሷ በፊት አንዲት ነጭ ነበረች።»