ጭቃው ላይ የተመታው ምስማር

ሽማግሌዎቹ ገና አልተቀመጡም። እንደ ወጉ ጉዳያቸውን ቆመው እየተናገሩ ነው፤ ቲና ግን ዓይኗን ከመስታወቱ መንቀል አቃታት። ቅድም ግድግዳው ላይ ልጥፍ ብሎ ነበር፤ አሁን አናቱ ወደ ፊት ዘንበል ብሏል። ከሥሩ ያለው ሶፋ ደግሞ ለዋናው ሽማግሌ፣ ለአቶ አምሐ፣ የተዘጋጀ የክብር ቦታ ነው።

ሰው የሚያህለውን፣ ጠርዙ ላይ ሐረግ የተቀረጸበትን መስታወት እናቷ ከሀይሌ ጋርመንት የገዛችው ለዛሬ ብላ ነበር። ነፋስ ስልክ ያለው የጭቃ ቤታቸው አርጅቷል፤ ታላቅ እህቷን ምስጢርን ለመጠየቅ ሽማግሌዎች ሲመጡ ሳሎኑ እንዲያምር እናቷ ፈልጋለች። ምስማር መምታት ለቲና ደረሳት። አባቷ ግድግዳውን እያንኳኳች ከጭቃው ሥር ያለውን እንጨት እንድትፈልግ፣ ጭቃው ላይ እንዳትመታ ደጋግሞ ነግሯታል። እንጨቱ ግን ምስማሩን አጣመመባት፤ ጓደኛዋ ሀናም ከበር ሆና «ፍጠኚ እንጂ» ትላታለች። ጭቃው ላይ መታችውና ወጣች። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም የሚሉት ይህንን ሳይሆን አይቀርም።

ትናንት ማታ አባቷ «እንጨት አገኘሽ?» ሲላት «አዎ» አለችው። ያን ጊዜ ቀላል ቃል ነበር።

ከምስማሩ ሥር ትንሽ አፈር ሶፋው ላይ ረገፈ። ቲና ፈራች። ሽማግሌ ሲናገር ልጅ ጣልቃ አይገባም፤ ምስጢርም ጠዋት «ዛሬ እንዳታዋርዱኝ» ብላ ለምናቸዋለች፤ አሁን ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ እየሰማች ነው። ዝም ብትልስ? ምናልባት ይቆይ ይሆናል። ካልቆየ ግን የሚወድቀው አቶ አምሐ አናት ላይ ነው። ደግሞ ሽማግሌ በመጣበት ቀን መስታወት ቢሰበር እህቷን ገደ ቢስ ይሏታል።

አቶ አምሐ «ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን ልንለምን ነው የመጣነው» ብለው ጨረሱ።

አባቷ ፈገግ አለ። «እስቲ መጀመሪያ አረፍ በሉ» አለና ሶፋውን አሳያቸው።

ቲና ተነሳች። በሽማግሌዎቹ መሀል አልፋ መስታወቱን በሁለት እጇ ደገፈችው። ከበዳት።

«አባዬ፣ ምስማሩን የመታሁት ጭቃው ላይ ነው። ዋሽቼህ ነው።»

አቶ አምሐ ከዘራቸውን ሶፋው ላይ አጋደሙና በሌላ በኩል ያዙላት። «በይ፣ ቀስ አድርገን እናውርደው» አሉ።

አባቷ በመስታወቱ ውስጥ እያያት ነበር። ቲና ዓይኗን አላሸሸችም።