ስም የሌላቸው ስምንት እንስራዎች

እሱባለው የሰጠው ቃል ይህ ነው፦ «ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ከሥራ ክፍሉ ንቅንቅ አላልኩም። ያቺን እንስራ ከመቀመጫዋ እስከ ከንፈሯ በሦስት ሰዓት ሠርቼ ጨረስኳት። እኔ አልወጣሁም፤ ማንም አልገባም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፖኒ አዳራሹ ውስጥ ስትጮህ ሰማሁ። ከዚያ ጸጥ አለ።»

ፖኒ የሰጠችው ቃል ደግሞ ይህ ነው፦ «በጠዋት ወጥቼ ለሸክላ መተኮሻ የሚሆን ሣር ሳጭድ ረጃፍ ዋልኩ። የተመለስኩት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። በሩን ስከፍት አምለሰት ወለሉ ላይ ወድቃ ነበር። የጮኽኩት ያኔ ነው።»

ኢንስፔክተር አቤኒ ሁለቱን ቃሎች ጎን ለጎን አስቀምጣ ሁለት ጊዜ አነበበች። አዲስ አበባ በስደት ያደገች፣ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ የማትጽፍ ሴት ናት።

አምለሰት በጁባ፣ ማላኪያ ሰፈር ውስጥ ሠላሳ ሸክላ ሠሪ ሴቶች በጋራ የሚጠቀሙበትን ማሳያ ቤት የምትመራ ኢትዮጵያዊት ነበረች። ኤግዚቢሽኑ ቅዳሜ ሊከፈት ሐሙስ ተገደለች። የጭንቅላቷን ጀርባ የመታት የሸክላ መምቻ እንጨት አጠገቧ ተጥሏል። እንጨቱ ከሸክላ ሠሪዎቹ የአንዷ፣ የፖኒ፣ በመሆኑ ጎረቤቶች የጠሩት ፖሊስ የያዘው እሷን ነው። የአቤኒ አለቃ በስልክ «ይኸው ያለቀ ጉዳይ፤ ምን ትጠብቂያለሽ?» አላት።

«እስኪያልቅ ነው የምጠብቀው» አለችና ስልኩን ዘጋች።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የቤቱን ባለቤት ጫኔን ነበር። ቤቱን ለጄኔሬተር መለዋወጫ ሱቅ ስለፈለገው ከአምለሰት ጋር ተጣልቷል።

«እህት አምለሰትን ውጪልኝ ብያታለሁ፤ አልክድም» አለ። «ሞቷን ግን አልተመኘሁም።»

«ዛሬ ከሰዓት የት ነበሩ?»

«ካቶር፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የመዘምራን ልምምድ ላይ። አሥራ አራት ሰው ይመሰክርልኛል።»

«ይዘምራሉ?»

«ከበሮ ነው የምመታው። ድምፄ አያምርም። ለዚያም አሥራ አራቱ ይመሰክራሉ።»

አቤኒ መዘምራኑን አንድ በአንድ ጠየቀች። በሁለቱም ነገር ልክ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ሃያ እንስራዎች ተደርድረዋል። በአሥራ ሁለቱ ፊት የሠሪዋ ስም የታተመበት፣ በፕላስቲክ የተለበጠ ካርድ ቆሟል። በስምንቱ ፊት ምንም የለም። ስምንቱን ገልብጣ አየች፤ ሁሉም ከታች የእሱባለው ፊርማ ተጭሮባቸዋል። ካርዶቹን ያመጣው የቦዳ ቦዳ ሞተር ሳይክል ሹፌር ሲጠየቅ አላመነታም፤ ሃያ ካርድ፣ ሐሙስ ስምንት ሰዓት ተኩል፣ ለራሷ ለአምለሰት በእጇ ነው የሰጣት።

የሥራ ክፍሉ ያለው በር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ወደ አዳራሹ ይከፈታል። እሱባለው ሐሙስ ማታውኑ ለአቤኒ እንስራዋን በኩራት አሳያት። ስሙ ከጁባ አልፎ ናይሮቢ የተሰማ የሸክላ አርቲስት ነው። ተዘግቶ ካልሆነ አይሠራም፤ ሲሠራ ያየው ሰው የለም።

አቤኒ የእንስራዋን ሆድ ዳሰሰች። ነጣ ብሎ እንደ ቆዳ ጠንክሯል። አንገቷን ስትነካ ግን ጥፍሯ ሰጠመ። ከጠረጴዛው ሥር እርጥብ ጆንያ ወድቋል፤ አጠገቡ ቀይ ቀጭን ጭቃ የያዘ ባልዲ ተቀምጧል።

«ይህን ሁሉ በሦስት ሰዓት?» አለችው።

«እጅ ከለመደ ምን አላት? እነ ፖኒ ቀኑን ሙሉ ይንከላወሱባታል። እኔ ግን አርቲስት ነኝ፣ ኢንስፔክተር።»

አቤኒ ከዚያ ወደ እስር ክፍሉ ሄደች። ፖኒ ቀና ብላም አላየቻት።

«የማውቀውን ተናግሬያለሁ። ከላስ፣ በቃ! አልደግምም።»

«ስለ ግድያው አልመጣሁም። የሥራ ክፍሉ ውስጥ ስላለችው እንስራ ልጠይቅሽ ነው።»

ፖኒ ዞረች። «ምን ሆነች? ተሰነጠቀች?»

«አልተሰነጠቀችም። የማን ናት?»

«የኔ ናት እንጂ! ሆዷን ትናንት ረቡዕ ሠራሁ። ሲጠነክርልኝ ዛሬ በጠዋት አንገቷን ቀጠልኩና እርጥብ ጆንያ አልብሻት ወጣሁ።»

«በአንድ ጊዜ ተሠርታ አታልቅም?»

«እርጥብ ሆድ አንገት አይሸከምም፣ እህቴ። ይተኛል። ይህን ረጃፍ ውስጥ የማያውቅ ሕፃን የለም።»

«መምቻሽስ?»

«እዚያው እንስራዋ አጠገብ ትቼው ሄድኩ። ለሣር አጨዳ ምን ያደርግልኛል?»

«ባልዲው ውስጥ ያለው ቀጭን ጭቃስ?»

«ማለስለሻ ነው። ሳይጣራ እጃችን አይገባበትም፤ አንዲት ጠጠር ከቀረች ሥራውን ትቧጭራለች። ቅዳሜ ሳይደርስ ላጣራው ነበር።»

«ነገ ጠዋት ታጣሪልኛለሽ» አለች አቤኒ።

አርብ ጠዋት ሁሉም በሥራ ክፍሉ ተሰበሰቡ። ጫኔ በሩ ሥር፣ እሱባለው ከጠረጴዛው ጀርባ፣ ፖኒ በካቴና በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆሙ። አቤኒ አንድ ቁልል የተቦካ ጭቃ እሱባለው ፊት አስቀመጠች።

«ያቺን የመሰለች አንድ እንስራ ይሥሩልኝ። ሦስት ሰዓት እንጠብቅዎታለን።»

«ቀልድ ነው?»

«አይደለም።»

እሱባለው እጅጌውን ሰብስቦ ጀመረ። ጭቃውን እያድቦለቦለ ደራረበው። ግድግዳው አንድ ስንዝር ተኩል ሲደርስ ወደ ጎን ዘመመ፤ ሲደግፈው በሌላ በኩል ሆዱ ተንዘረጠጠ፤ ከዚያ ጭቃው ሁሉ ቁጭ አለ። ጫኔ ሳይታወቀው «ኢየሱስ!» አለ።

«የለቅሶ ቤት ባይሆን እስቅ ነበር» አለች ፖኒ።

«ይህ ምንም አያረጋግጥም» አለ እሱባለው፣ እጁን እየጠረገ። «ደንግጫለሁ።»

«እውነት ነው፤ ብቻውን አያረጋግጥም» አለች አቤኒ። «የሚያረጋግጠው ሐሙስ ከሰዓት እዚህ ምን ይሠሩ እንደነበር መዋሸትዎን ነው። የዚህች እንስራ ሆድ የረቡዕ ነው፤ አንገቷ የሐሙስ ጠዋት። ጆንያውን ገልጠው እርጥብ አንገት አዩና ሁለመናዋ የዕለቱ ሥራ መሰለዎት። ሸክላ ሠሪ እንዲህ አይሳሳትም።»

«እሺ፣ ዋሸሁ። ዋሸ ማለት ገደለ ነው?»

«አይደለም። አሁን ወደ መምቻው እንሂድ። ፖኒ እዚህ ትታው ወጣች። እርስዎ ደግሞ ከስምንት ሰዓት በኋላ ማንም አልገባም ብለው ፈርመዋል። ታዲያ ከዚህ ክፍል ማን አወጣው?»

«ይዛው ሄዳ ይሆናል! ቃሏን አምነሽ ነው?»

«ቃሏን ብቻ አላምንም። ካቴናውን ፍቱላትና ታጣራ።»

ፖኒ የታሰረችበትን ክንዷን አሻሸች። ወንፊቱን ባዶ ባልዲ ላይ አድርጋ ቀዩን ቀጭን ጭቃ ቀስ እያለች አፈሰሰችው። ከግማሽ ሲያልፍ አንድ ነገር ተንሸራቶ ወንፊቱ ላይ ወደቀ፤ ሌላ ተከተለው። በአውራ ጣቷ ስትጠርገው ፊደል ወጣ። አንድ፣ ሁለት፣ ስምንት ካርድ። ስምንቱም ላይ «ፖኒ ላዶ፣ ረጃፍ» ይላል።

አቤኒ ካርዶቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው።

«እነዚህ ካርዶች ጁባ ውስጥ በአምለሰት እጅ የገቡት ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው» አለች አቤኒ። «ከዚያ በኋላ ማንም ወዳልገባበት ክፍል ገቡ። እዚያ የነበሩት እርስዎ ብቻ ናቸው፣ በራስዎ ቃል። ፕላስቲክ አይቀደድም፤ እሳት አልነበረም፤ ጎረቤቶች እየመጡ ነው። ባልዲው ውስጥ ከተቷቸው። ጭቃው እንደሚጣራ አላወቁም።»

ጫኔ ካርዶቹን አየና ወደ እሱባለው ዞረ። «ናይሮቢ የሄዱት እንስራዎች ሁሉ የሷ ነበሩ?»

«እሷን ማን ያውቃታል?» እሱባለው ጮኸ። «ከጓሮ አውጥቼ ለሰው ያሳየሁት እኔ ነኝ! ካርዶቹን አንሺ ብዬ ለመንኳት፣ አምለሰትን። ቅዳሜ ሰው ሁሉ ያነበዋል፣ እኔስ ምን እሆናለሁ አልኳት። እየሰማች ካርድ መደርደሯን ቀጠለች። ጀርባዋን ሰጠችኝ።» ድምፁ ወረደ። «ጀርባዋን ሰጠችኝ።»

ፖኒ ድሮ «ጋሽ እሱባለው» ነበር የምትለው። አሁን ፊቱ ቆመች።

«አንተ» አለችው። «ነጮቹ ያንቺን ስም አይገዙም ስትለኝ ዝም ያልኩት አምኜህ ነው። እሷ ግን ለስሜ ሞተች። አንተ በኔ እንጨት ገደልካት፤ ደሟን ለኔ ልታሸክም።»

ፖሊሶቹ ካቴናውን አስገብተው ወሰዱት።

ጫኔ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ፣ እህት ፖኒ፣ ሐዘን ነው። ደም የፈሰሰበት ቤት ነው። ሰውም አይመጣም። ዝግጅቱ ይቅርና ቁልፉን መልሺልኝ። አንቺም ወደ ረጃፍ ሄደሽ ዕረፊ።»

«ሕጉ ምን ይላል?» ፖኒ አቤኒን ጠየቀች።

«ምርመራዬን ዛሬ እጨርሳለሁ። ከዚያ በኋላ እኔ አልዘጋውም። ውሉ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የሴቶቹ ነው፤ አንብቤዋለሁ። ውሳኔው የናንተ ነው።»

ውጭ የቀሩት ሸክላ ሠሪ ሴቶች አንድ በአንድ በሩ ላይ ተሰብስበው ነበር። ፖኒ ወደ እነሱ ዞራ፣ ጫኔም እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ ተናገረች።

«ነገ በአራት ሰዓት በሩን እከፍታለሁ። አንድ ሰው ባይመጣም እከፍታለሁ። ስምንቱ መካከል ደግሞ እኔው ራሴ እቆማለሁ፤ የማን ሥራ ነው የሚል ካለ እኔን ይጠይቀኝ።»